ሰምቶ የማያሰማ የጀልባ ራዲዮ

ጥያቄ፦ «7 ሜትር ርዝመት ላላት የሞተር ጀልባዬ ያገለገለ ቪኤችኤፍ ራዲዮ ገዝቼ ራሴው ገጠምኩት። 25 ዋት ነው። 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ጓደኛዬን እኔ ጥርት አድርጌ እሰማዋለሁ፤ እሱ ግን ድምፅህ ይቆራረጣል ይለኛል። አንዱ የኃይል ማጉያ ጨምርበት አለኝ። ሌላው ባለ 9 ዲሲቤል አንቴና ግዛ አለኝ። የቱ ይሻላል? አንቴናው ከኋላ ባለው የብረት መደገፊያ ላይ ታስሯል። ኬብሉ 15 ሜትር ስለሆነ ትርፉን ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ኤሌክትሪኩን የሳብኩት ወደ መብራቶቹ ከሚሄደው ሽቦ ነው። ቀዩን ቁልፍ በተመለከተ፣ የድሮው ባለቤት ቁጥር ስለገባበት ዝግጁ ይመስለኛል። ለነገሩ ስልክም አለኝ።»

ሁለቱንም አይግዙ። ችግርዎ የኃይል ማነስ አይደለም፤ ያለው ኃይል መንገድ ላይ እየፈሰሰ ነው። ከዚህ በላይ ያሳሰበኝ ግን መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጉት ነገር ነው። የአደጋ ጥሪ የሚልከው ቀዩ ቁልፍ ዝግጁ አይደለም። አሁን ባለበት ሁኔታ ቢጫኑት ፈላጊዎቹ የሌላ ሰው ጀልባ ሲፈልጉ ሊውሉ ይችላሉ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ርቀትን የሚወስነው ምን እንደሆነ እንግባባ። የባሕር ቪኤችኤፍ የሚሠራው ከ156 እስከ 162 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ይህ ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ምድር ክብ ናትና ራቅ ሲሉ ውኃው ራሱ ጎብጦ ይጋርደዋል። ስለዚህ የአንቴናው ከፍታ ከዋቱ ይበልጣል። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንቴናው ከውኃው በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ ይለኩ፣ የቁጥሩን ስኩዌር ሩት ያውጡ፣ በ4.1 ያባዙት። የሚመጣው ቁጥር የአንቴናው አድማስ በኪሎ ሜትር ነው። 4 ሜትር ላይ ያለ አንቴና 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ያያል። የጓደኛዎ አንቴናም 4 ሜትር ላይ ከሆነ፣ የሁለታችሁ ተደምሮ 16 ይሆናል። 100 ሜትር ከፍታ ላይ አንቴና ያለው የባሕር ዳርቻ ጣቢያ ደግሞ ብቻውን 41 ኪሎ ሜትር ያያል። የእርስዎ 8 ሲደመርበት 49 ደረሰ ማለት ነው። እናም ኋላ ላይ የታሰረው አንቴናዎ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ቢል እንኳ፣ 5 ኪሎ ሜትር ለራዲዮው ጎረቤት ነው። እዚያ ርቀት ላይ ድምፅ መቆራረጥ የለበትም።

የኃይል ማጉያው ነገር በሁለት ምክንያት አይሆንም። አንደኛ፣ ለጀልባ ቪኤችኤፍ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተፈቀደው ጣሪያ 25 ዋት ነው። ሁለተኛ፣ ዋቱን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው። የሚያዳምጥዎ ሰው ልዩነቱን እምብዛም አይለየውም፤ አድማሱም አንድ ሜትር አይገፋም። በዚያ ላይ ማጉያው ተጨማሪ አምፔር ይጠጣል። የእርስዎ ሽቦ ደግሞ አሁን ያለውንም መሸከም አቅቶታል ብዬ እጠረጥራለሁ።

የ9 ዲሲቤል አንቴና ምክር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። አንቴና ኃይል አይፈጥርም፤ ያለውን ኃይል ቅርፅ ያስይዛል። ድቡልቡል ጭቃ በመዳፍ ሲጫኑት ወደ ጎን እንደሚሰፋ ያስቡት። የዲሲቤሉ ቁጥር በጨመረ መጠን ጭቃው ይበልጥ ይሳሳል፤ ከላይና ከታች ተወስዶ ወደ አድማሱ ይሄዳል። ትልቅና የማይናወጥ መርከብ ላይ ይህ ጥሩ ነው። 7 ሜትር ጀልባ ላይ ግን ማዕበል አጋድሏት በተነሳች ቁጥር ያ ስስ ጨረር አንዴ ውኃውን፣ አንዴ ሰማዩን ይመታል። ያኔ ድምፅዎ በትክክል አሁን እንደሚሉት ይቆራረጣል። ለእርስዎ ጀልባ 2.4 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ባለ 6 ዲሲቤል ይበቃል። ጀልባዋ በጣም የምትንገላታ ከሆነ ደግሞ 1 ሜትር ገደማ የሆነውን ባለ 3 ዲሲቤል ከፍ አድርጎ መትከሉን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ በሽታው። እርስዎ ይሰማሉ፣ እሱ አይሰማዎትም። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ኬብልና አንቴና ሲበላሹ የሚጎዱት መላኩንም መቀበሉንም ነው። የሚጎዳው መላኩ ብቻ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤሌክትሪኩ ነው። ራዲዮው ሲያዳምጥ ከግማሽ አምፔር አይበልጥም። በ25 ዋት ሲልክ ግን ከ5 እስከ 6 አምፔር ይስባል። ሽቦው ቀጭን ከሆነ የሚንበረከከው ያኔ ነው። አንድ ምሳሌ ላስላልዎት። ባትሪው ከራዲዮው 5 ሜትር ይርቃል እንበል። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ ሽቦው 10 ሜትር ነው። ውፍረቱ 1 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ 6 አምፔር ሲያልፍበት 1 ቮልት ገደማ ይበላል። በዚያው ሽቦ ላይ መብራቶች ካሉ ደግሞ ይብሳል። 12.2 ቮልት ያለው ባትሪ ራዲዮው ዘንድ 11 ሆኖ ይደርሳል። አብዛኞቹ ራዲዮዎች 25 ዋት የሚሰጡት 13.8 ቮልት ሲያገኙ ነው። 11 ላይ ኃይላቸውን ይቀንሳሉ፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ ይጠፋሉ።

ይህን ለማረጋገጥ ዕቃ መፍታት አያስፈልግም። ቴስተሩን ራዲዮው ጀርባ በሚገቡት ሁለት ሽቦዎች ላይ ያድርጉ። ለአደጋ ጥሪ ከተተወው ከቻናል 16 ሌላ ነፃ ቻናል ይምረጡ፤ ማንም እየተናገረበት እንዳልሆነ አዳምጠው የማይኩን ቁልፍ ለሁለት ሰከንድ ይጫኑ። ቮልቱ ሲጫኑ ከግማሽ ቮልት በላይ ከወረደ ጥፋተኛውን አገኙት። ሲጫኑ የራዲዮው ስክሪን ከደበዘዘም ያው ነው። ከዚያ በፊት ግን ስክሪኑ ላይ የ1 ዋት ምልክት አለመኖሩን ይዩ። ብዙ ሰው ሳያውቀው 1 ዋት ላይ ትቶት ወር ሙሉ ራዲዮውን ይረግማል።

መፍትሔው ለራዲዮው የራሱ መስመር መስጠት ነው። 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ቆርቆሮ የተቀባ የመዳብ ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ይሳቡ። ቆርቆሮ ያልተቀባ መዳብ ጨዋማ አየር ውስጥ ውስጥ ለውስጥ ይጠቁራል፤ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ከላይ በተሰላው ርቀት ይህ ሽቦ ሩብ ቮልት ገደማ ብቻ ነው የሚበላው። ፊውዙን በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው አጠገብ ያድርጉት። መጠኑን ከራዲዮው መመሪያ ይውሰዱ፤ ብዙውን ጊዜ 10 አምፔር ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ራዲዮው አጠገብ ካደረጉት፣ መሀል ላይ ሽቦ ቢላጥና ቢገናኝ እሳት የሚያስቆም ነገር የለም።

የአንቴናው ኬብልም ነፃ አይወጣም። ውፍረቱን ይለኩት። 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ አርጂ 58 የሚባለው ነው። 15 ሜትር አርጂ 58 በዚህ ሞገድ የኃይሉን ግማሽ ገደማ አሙቆ ያስቀረዋል። ከ25 ዋት አንቴናው ጋ የሚደርሰው 12 ነው ማለት ነው። ጠቅልለው ያስቀመጡት ትርፍም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፣ እየበላ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አርጂ 213 በዚያው ርዝመት 18 ዋት ገደማ ያደርሳል። ጀልባዎ 7 ሜትር ስለሆነች ደግሞ 15 ሜትር አያስፈልግዎትም። የሚበቃዎትን ለክተው ወፍራሙን ይዘርጉ፣ ትርፉን ይቁረጡ። የቴሌቪዥን ኬብል ግን አይሞክሩ። እሱ 75 ኦም ነው፤ ራዲዮውና አንቴናው የሚፈልጉት 50 ነው።

ኬብል ከመሀሉ አይሞትም፣ ከጫፉ ነው የሚሞተው። ውኃ በማገናኛው በኩል ይገባና መሀለኛውን ሽቦ በከበበው የሽቦ መረብ ውስጥ እንደ ክር ይሳባል። ተራ ናስትሮ አያድንም፤ ፀሐይ ሲመታው ይላላል። ራሱን በራሱ የሚያጣብቀውን የጎማ ቴፕ ይጠቀሙ፤ ከታች ወደ ላይ እየደረቡ ይጠምጥሙት። ኬብሉ ወደ ካቢኔው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ትንሽ ይንጠልጠል። ውኃው እዚያ ጋ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይከተልም። ማገናኛውን ሲሠሩ ከመረቡ አንዲት ፀጉር የምታህል ሽቦ መሀለኛውን እንዳትነካ ይጠንቀቁ። በቴስተር ሲፈትሹት አንቴናውን ነቅለው ይሁን። ብዙ የባሕር አንቴናዎች ሲሠሩ ጀምሮ ለቴስተር እንደ ሾርት ነው የሚታዩት። ይህን ባለማወቅ ጤነኛ አንቴና የጣሉ ሰዎች አሉ።

አንቴናው ከብረት መደገፊያው ላይ ይነሳ። አጠገቡ ያለ ብረት የጨረሩን ቅርፅ ያበላሻል፤ ከሚሄደው ኃይል ከፊሉ ወደ ራዲዮው ይመለሳል። ራዲዮው ይህን ሲያይ ራሱን ለማዳን ኃይሉን ይቀንሳል። ይህም እንደ ኤሌክትሪኩ ሁሉ መላኩን ነጥሎ ይጎዳል። የካቢኔው ጣሪያ ላይ፣ ከሌላ ብረትና አንቴና ቢያንስ 1 ሜትር አርቀው፣ ቀጥ አድርገው ይትከሉት። ሲናገሩ ማንም ሰው አጠገቡ ተደግፎ አይቁም። ከዚያ የኤስደብሊውአር መለኪያ፣ ማለትም ከአንቴናው የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳየውን፣ ተውሰው ይለኩ። ከ1.5 በታች ከሆነ ደስ ይበልዎት። እስከ 2 ይሠራል። 3 ካለፈ ግን ያቁሙና ማገናኛዎቹን እንደገና ይፈትሹ። አንቴና ሳይሰካ የማይኩን ቁልፍ በፍጹም አይጫኑ፤ የራዲዮውን የመጨረሻ ትራንዚስተር ሊያቃጥሉት ይችላሉ።

ራዲዮውን ራሱን ሲያስሩ ስፒከሩ ውስጥ ማግኔት እንዳለ አይርሱ። ከኮምፓሱ 1 ሜትር ያርቁት። ማይኩንም አብረው ያርቁ።

ቀዩ ቁልፍ ላይ ደረስን። ቁልፉ የሚሠራው ዲኤስሲ በሚባል ሥርዓት ነው። ክዳኑን ከፍተው ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ሲይዙት፣ ራዲዮው በቻናል 70 ላይ አጭር ዲጂታል መልእክት ይልካል። መልስ እስኪያገኝም በየ4 ደቂቃው ገደማ ራሱ ይደግመዋል። መልእክቱ ውስጥ ያሉት ዋና ነገሮች ሁለት ናቸው፦ ማን እንደሆኑና የት እንዳሉ። «ማን» የሚለው 9 አሃዝ ያለው የኤምኤምኤስአይ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከጀልባ ጋር ይመዘገባል፤ የጀልባዋ ዓይነት፣ የባለቤቱ ስም፣ የሚጠራበት ስልክ አብሮ አለ። አሁን እርስዎ ቁልፉን ቢጫኑ ነፍስ አድን ሠራተኞቹ መዝገቡን ይከፍታሉ። የሚያገኙት የድሮውን ባለቤት ነው። ይደውሉለታል። እሱም ቤቱ ቁጭ ብሎ «ደህና ነኝ፣ ራዲዮውን ሸጬዋለሁ» ይላል። ያ ስልክ የሚፈጀው ደቂቃ የእርስዎ ደቂቃ ነው።

ጀልባዎ በተመዘገበችበት አገር ካለው የመገናኛ ባለሥልጣን የራስዎን ቁጥር ያውጡ። የራዲዮ ፈቃዱንና ራዲዮውን ለማሠራት የሚጠየቀውን የምስክር ወረቀትም አብረው ይጠይቁ። አንድ እክል ይገጥምዎታል። አብዛኞቹ ራዲዮዎች ቁጥር የሚቀበሉት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ይቆለፋሉ። ለማስለወጥ ወደ አምራቹ ወይም ወደ ወኪሉ መላክ ሊኖርብዎት ነው። ያገለገለ ራዲዮ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነበር። አምራቹ አልቀይርም ካለ፣ ሌላ ራዲዮ ይግዙ። ይህን የምለው ገንዘብ ለማስወጣት አይደለም። የተሳሳተ ስም የያዘ የአደጋ ቁልፍ አጠገብዎ እንዲኖር ስለማልፈልግ ነው።

«የት» የሚለው የሚመጣው ከጂፒኤስ ነው። ራዲዮው ውስጡ ጂፒኤስ ከሌለው ከካርታ ማሳያው ሁለት ሽቦ ይሳባል፤ የማሳያው መውጫ ከራዲዮው መግቢያ ጋር ይገናኛል። የሽቦ ቀለም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በግምት አይሂዱ፣ ሁለቱንም መመሪያ ጎን ለጎን ዘርግተው ይዩ። ትክክል ከሆነ ኬክሮስና ኬንትሮሱ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ከማሳያው ጋር ያመሳክሩት። ቀዩን ቁልፍ ለሙከራ ብለው አይጫኑ። ሙከራ ካስፈለገ ሜኑው ውስጥ የሙከራ ጥሪ አለ፤ ወደ ጓደኛዎ ቁጥር ይላኩት። በስሕተት ከተጫነ ደግሞ ደንግጠው ራዲዮውን አጥፍተው አይቀመጡ። ጥሪውን ይሰርዙ፣ ቻናል 16 ላይ ገብተው የጀልባዎን ስምና ቁጥር ጠርተው፣ በስሕተት የተላከ መሆኑን ለሁሉም ይናገሩ። ማንም አይቆጣዎትም። የሚያስቆጣው ዝምታው ነው።

ስልክ አለኝ ያሉት ትንሽ ያሳስበኛል። ስልክ የሚጠራው አንድ ሰው ነው። ራዲዮ የሚጠራው በአካባቢው ያለውን ጀልባ ሁሉ ነው። መጀመሪያ የሚደርስልዎት ደግሞ ብዙ ጊዜ በአጋጣሚ በቅርብ ያለው ጀልባ ነው፤ የእሱን ስልክ ቁጥር አያውቁትም። የስልክ ምሰሶዎች የተተከሉት ለየብስ ነው። እርጥብ ጣት ስክሪን አይከፍትም። ብዙ የነፍስ አድን ጀልባዎችና ሄሊኮፕተሮች የቪኤችኤፍ ድምፅዎ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ለይተው ወደ እርስዎ የሚጠቁም መሣሪያ አላቸው። ስልኩን ውኃ በማያስገባ ከረጢት ይያዙት፣ ጥሩ ነው። ግን የራዲዮ ምትክ አይደለም።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ አልልም፤ አንዳንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ቻናል 16፣ ማለትም 156.8 ሜጋኸርዝ፣ ለአደጋና ለመጠራራት ነው። ሁሌ ክፍት ይሁን። ጓደኛዎን እዚያ ጠርተው ወዲያው ወደ ሌላ ቻናል ይውሰዱት። በዓለም አቀፉ ሰንጠረዥ 6፣ 8፣ 72 እና 77 ከጀልባ ወደ ጀልባ ለመነጋገር ናቸው። አንዳንድ ቻናሎች መላኪያና መቀበያቸው በ4.6 ሜጋኸርዝ የተራራቀ ነው። ከባሕር ዳርቻ ጣቢያ ጋር ብቻ ይሠራሉ፤ ሁለት ጀልባዎች እዚያ ላይ ሲጯጯሁ ቢውሉ አንዱ ሌላውን አይሰማም። ራዲዮው የዩኤስኤ፣ የካናዳና የዓለም አቀፍ የሚል ምርጫ ካለው ያሉበት ቦታ የሚጠቀምበትን ይምረጡ። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሞገዱ የተለያየ ቻናል አለና።

ስኩዌልቹን፣ ማለትም ሹሹታውን የሚያፍነውን ማስተካከያ፣ ሹሹታው እስኪሰማ ይክፈቱት፤ ከዚያ ቀስ ብለው መልሰው ይዝጉትና ሹሹታው ልክ ሲጠፋ ያቁሙ። አብዝተው ከዘጉት ደካማ ድምፅ አያልፍም። ደካማው ድምፅ ደግሞ ሰው ሲሰጥም የሚያሰማው ሊሆን ይችላል። ማይኩን ከአፍዎ 5 ሴንቲ ሜትር ያርቁ፣ ቁልፉን ይጫኑ፣ አንድ ሰከንድ ቆይተው ይናገሩ። ሲጨርሱ ማይኩን በትክክል ይስቀሉት። ወንበር ላይ ተጥሎ ቁልፉ የተጫነ አንድ ማይክ የአካባቢውን ቻናል በሙሉ ይዘጋል።

የአደጋ ጥሪው እንዴት እንደሚባል በወረቀት ጽፈው ራዲዮው አጠገብ ይለጥፉ። በጭንቅ ሰዓት ከራስ አይወጣም። ቀዩ ቁልፍ ከተጫነ በኋላ በቻናል 16፣ በ25 ዋት፦ «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ፣ የጀልባዋ ስም ሦስት ጊዜ፣ የጥሪ ምልክቱና ኤምኤምኤስአዩ አንድ ጊዜ። ከዚያ እንደገና «ሜይዴይ» እና ስሙ። ቀጥሎ ያሉበት ቦታ። ከዚያ ምን እንደደረሰ፣ ምን እርዳታ እንደሚፈልጉ፣ ስንት ሰው እንዳለ። «ኦቨር» ይበሉና ቁልፉን ይልቀቁ። ቦታው የሚቀድመው ድምፁ መሀል ላይ ቢቋረጥ እንኳ የት እንዳሉ ታውቆ እንዲቀር ነው። ሜይዴይ ለሕይወት ወይም ለጀልባ ለሚያሰጋ ከባድና ቅርብ አደጋ ነው። ሞተር ጠፍቶ በጸጥታ ከተንሳፈፉ «ፓን ፓን» ይበቃል፤ እሱም ሦስት ጊዜ ይባላል።

እንግዲህ በዚህ ቅደም ተከተል ይሥሩ። ዛሬውኑ ቮልቱን ይለኩ። ከዚያ የራዲዮውን የራሱን መስመር ይሳቡ። አንቴናውን አንስተው ጣሪያው ላይ ይትከሉ፣ ኬብሉን በአርጂ 213 ይቀይሩ። ቁጥሩ በስምዎ ሳይገባና ቦታው ስክሪኑ ላይ ሳይታይ ከባሕር ዳርቻ ርቀው አይውጡ። ለማጉያው ያሰቡትን ገንዘብ ውኃ ለማይገባበት የእጅ ራዲዮ ያውሉት። 5 ወይም 6 ዋት ነው፤ የጀልባዋ ባትሪ በውኃ ቢጥለቀለቅ የሚቀርልዎት እሱ ብቻ ነው።

ሁሉን ሲጨርሱ ጓደኛዎን እንደገና 5 ኪሎ ሜትር ላይ ያቁሙት። ቻናል 72 ላይ ገብተው ኃይሉን ወደ 1 ዋት ያውርዱና ይጥሩት። በ1 ዋትም ጥርት ብለው መሰማት አለብዎት። ካልተሰሙ ማገናኛዎቹን አንድ በአንድ ይክፈቱ፤ ከአንቴናው በኩል ያለውን ያስቀድሙ።